ማገዶና ልጅነት፦ ለጋሼ ጽሑፍ የተጻፈ ምላሽ

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ዊንጌት ላይ ታክሲው እስኪሞላ፣ ቀጥሎ አስኮ ላይ መንገዱ ተጨናንቆ በቆምንበት፣ በመጨረሻም ቡራዩ ቤቴ ገብቼ ቡናው እስኪፈላ። በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ተከራክረናል፤ እርስዎ የታሪክ፣ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ሆነን። ያን ጊዜ ክርክራችንን የሚያቆመው ደወል ነበር። እርስዎ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚደወልልን ደወል ስለሌለ ነገሩ በጽሑፍ ሊቀጥል ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ዋና ዋና ነጥቦቹን ላስቀምጥ። ጋሼ እንደሚሉት የአንድ መሪ ዘመነ ሥልጣን የልጅነቱ ግልባጭ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የኮሶ ሻጭ ልጅ ተብለው በመሰደባቸው ጨካኝ ሆኑ። ዐፄ ምኒልክ በልጅነታቸው መቅደላ ላይ በመጋዛቸው ትዕግሥትን ተማሩ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያለ እናት ስላደጉ ሰው ማመን አቃታቸው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በልጅነታቸው የቀመሱትን ንቀት፣ በኋላም አሜሪካ ለሥልጠና ሄደው የገጠማቸውን የቀለም ጥላቻ፣ በአገር ላይ ተወጡት፤ ከአሜሪካ ወደ ሶቪየት የዞሩትም በዚሁ ቂም ነው። ከባሕር ማዶ ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በወጣትነታቸው ድሃ ልጆችን ስላስተማሩ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ቆሙ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው ጋሼ አንድ ምክር ይሰጣሉ፦ መሪ ስንመርጥ ልጅነቱን እንጠይቅ፤ በድህነት ያደገ፣ በተለይም እንደ እኛ ሰፈር ባለ የከተማ ዳር ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ልጅ፣ ሥልጣን ቢይዝ የሕዝብን ችግር አይረሳም።

አጻጻፍዎ እንደ ድሮው ነው፤ ይጣፍጣል። ተማሪዎ ብሆን ደብተሬ ላይ እገለብጠው ነበር። መምህር ሆኜ ቀረሁና ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ።

ከዐፄ ቴዎድሮስ ልጀምር። ስድቡን አልክድም፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ መባላቸውን ያልሰማ የለም። ልጅነታቸው ግን ስድቡ ብቻ አልነበረም። የደጃዝማች ክንፉ ዘመድ ነበሩ፤ በገዳም ተምረዋል፤ ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር። እርስዎ ከዚህ ሁሉ መካከል ኮሶውን ብቻ መርጠው አነሡ። ታሪኩ የሚያልቀው በደም ስለሆነ ለደሙ የሚስማማ መነሻ አስፈለገዎት። መጨረሻውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ መነሻ ማግኘት አይቸግርም።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ሰው ልጅነቱ አንድ ነው፤ አይለወጥም። በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ቴዎድሮስና በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያቃጠሉት ቴዎድሮስ ልጅነታቸው አንድ ነው፤ ኮሶውም ያው ኮሶ ነው። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተበታተነውን አገር ለመሰብሰብ፣ ዘረፋን ለማስቀረት፣ ለወታደር ደመወዝ ለመክፈል ያሰቡ ንጉሥ ነበሩ። ታዲያ በዐሥራ ሁለቱ ዓመታት መካከል የተለወጠው ምንድን ነው? ይመክሯቸው የነበሩት ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. አረፉ። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ፕላውደንና ቤል ተገደሉ። ከሁሉም በላይ ግን የመሬት ጉዳይ መጣ። ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የተረፈው መሬት ግብር ይክፈል፣ ወታደርም ይኑርበት አሉ። ካህናቱ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ካህኑ ሲዞር ባላገሩም ዞረ። ግብር ያልገባለት ሠራዊት ቀለቡን ከገበሬው ጎተራ ይወስዳል፤ የተዘረፈ ገበሬ ይሸፍታል፤ ሽፍታውን ለመውጋት ደግሞ ሌላ ሠራዊት፣ ሌላ ቀለብ ያስፈልጋል። በመጨረሻው ዓመት በእጃቸው የቀረው ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው መሬት ያህል ነበር። እኔ የካርታ ሰው ነኝና ያ መሬት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደጠበበ በሰሌዳ ላይ ልሥልልዎት እችላለሁ። ጭካኔያቸው ያደገው ግዛታቸው በጠበበ መጠን ነው። ኮሶ የሆድ ትልን ያሽራል፤ የግብር መሟጠጥን ግን አያስረዳም።

ወደ ዐፄ ምኒልክ ልለፍ። እሳቸው ጎረቤቴ ናቸው ማለት ይቻላል፤ በሬ ላይ ቆሜ ወደ ምሥራቅ ሳይ የእንጦጦ ሰንሰለት ይታየኛል። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዚያ እስከ 1857 ዓ.ም. በቴዎድሮስ እጅ ቆዩ። እርስዎ እስር ይሉታል፤ እስር ነው። ይሁን እንጂ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳድገው ልጃቸውን አልጣሽን የዳሩላቸው እስረኛ ናቸው። በመጨረሻም በሌሊት ሲያመልጡ ሚስታቸውን ትተው ነው የሄዱት። ይህን ትዕግሥት ልበለው? በ1860 ዓ.ም. ሠራዊት ይዘው እስከ መቅደላ አቅራቢያ መጥተው ሳይዋጉ ተመለሱ። ይህንንስ? ዐድዋ ላይ ድል ባይሆኑ ኖሮ እኮ ጋሼ፣ ይህንኑ መመለስ ጠቅሰው ምርኮ ያሳደገው ልጅ ፈሪ ይሆናል ብለው ይጽፉልን ነበር። ያሸነፈ ሰው ሲዘገይ ታጋሽ ይባላል፤ የተሸነፈ ሲዘገይ ፈሪ። መቅደላ ላይ ደግሞ ምኒልክ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ስንት መኳንንትና የመኳንንት ልጆች እዚያው ታግተው ነበር። ሁሉም ምኒልክ አልሆኑም።

አንድ ነገር ግን እሰጥዎታለሁ። መቅደላ ለምኒልክ የሰጣቸው እውቀት ነው። አገር እንዴት እንደሚገዛ፣ መድፍ ምን እንደሚሠራ፣ ከካህናት ጋር መጣላት ምን እንደሚያስከትል በቴዎድሮስ ግቢ ሆነው አይተዋል። ልጅነት ቁስል ብቻ አያወርስም፤ ሙያም ያወርሳል። በጽሑፍዎ ውስጥ ቁስል እንጂ ሙያ አላገኘሁም።

እንጦጦን ካነሣን አይቀር ስለ ማገዶ ላንሣ። ትስቁብኝ ይሆናል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። ከተማው ግን ቀድሞውኑ ቁልቁል ወደ ፍልውኃ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ተራራው ላይ ብርድ፣ እቴጌ ጣይቱም ፍልውኃውን ወድደዋል። ከዚያ አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ደን ተቆርጦ አለቀና ማገዶ ጠፋ። የሠራዊቱ ድንኳን፣ የመኳንንቱ ማዕድ ቤት፣ የጠጁ ጋን ሁሉ እንጨት ይፈልጋል። ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሡ፤ አዲስ ዓለም እኔ በምኖርበት የአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ከሆለታ ቀጥሎ የምትገኝ ከተማ ናት። ግንባታው ተጀመረ። ባሕር ዛፍ መጥቶ ቶሎ ባያድግ ኖሮ ዛሬ እርስዎ የሚኖሩት አዲስ ዓለም ይሆን ነበር፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቦታ ግን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ። ይህን ያህል ትልቅ የመንግሥት ውሳኔ ምኒልክ ከተወለዱባት ከአንጎለላ ልጅነት ውስጥ ፈልገው ቢያወጡልኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አስረክባለሁ። ሥልጣን ላይ የወጣ ሰው ከሚያስበው አብዛኛው ነገር እንዲህ ነው፤ ማገዶ፣ ቀለብ፣ ውኃ፣ ደመወዝ።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነገር አጭር ነው፤ መልሱን የሚሰጡት ልጅ ኢያሱ ናቸውና። ልጅ ተፈሪ እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ሲሞቱ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ አባታቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ልጅ ኢያሱም እናታቸውን ወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክን ያጡት ገና በሕፃንነታቸው ነው። ሁለቱም በዚያው ቤተ መንግሥት ዙሪያ፣ በዚያው ሹክሹክታ መካከል ከፍ አሉ። አንዳቸው ቀስ ብለው፣ ሁሉን እያዩ፣ አንድ ቀን ሳያመልጣቸው ወደ ላይ ወጡ። ሌላው አዲስ አበባን ትተው በአፋርና በሐረር ሲከርሙ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተወገዱ። አንድ ዓይነት ሐዘን፣ ሁለት ዓይነት አገዛዝ። ጥርጣሬን በተመለከተ ደግሞ በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙም የሚሽሩም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ሁሉ ነገር በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ያ ሰው ሁሉን መጠርጠሩ የወንበሩ ባሕርይ ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የገዛ ክብር ዘበኛቸው አዛዥ ተነሣባቸው። ከዚያ በኋላ ሰው ማመን ቢያቅታቸው የእናታቸውን ሞት ምን አመጣው?

ሙያ ያልኩት ነገር እዚህም አለ፤ እርስዎ ዘልለውታል። ሐረር ሳሉ ከአባ ሳሙኤልና ከዶክተር ቪታልየን ፈረንሳይኛና ዘመናዊ ትምህርት ቀስመዋል። ንጉሥ ከሆኑ በኋላ የትምህርት ሚኒስቴርን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆዩ፤ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውንም ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ከልጅነት ወደ ዙፋን የሚሄድ ቀጥተኛ መስመር ከፈለጉ ይኸውልዎት። የሚያስለቅስ ስላልሆነ ይሆናል ያለፉት።

ኮሎኔል መንግሥቱን በተመለከተ ስለ ልጅነታቸው የተወራውን ሁሉ አልደግምም፤ አንዱ ከሌላው ይጋጫልና። አባታቸው ወታደር ነበሩ፤ እሳቸውም የተማሩት ሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ነው። ይህ ይበቃል። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም ሆለታ ነው የተማሩት። ሁለቱ በአንድ ደርግ ውስጥ ተቀምጠው፣ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. አንዱ ሌላውን አስገደሉ። ደርግ ሲመሠረት ከመቶ በላይ አባላት ነበሩት፤ ከሻለቃ ማዕረግ ያልዘለሉ፣ ብዙዎቹም ከድሃ ቤት የወጡ። ንቀትን ሁሉም ያውቁታል። ልዩነቱን ያመጣው ማን ማንን ቀደመ፣ ማን የጦር መሣሪያውን ያዘ፣ ከበላዩ ሕግ ያልነበረው ማን ነው የሚለው ነው።

ስለ አሜሪካ የጻፉት ደግሞ ከቀን መቁጠሪያ ጋር አይገጥምም። የካቲት 1969 ዓ.ም. የካርተር መንግሥት በሰብአዊ መብት ምክንያት ወታደራዊ እርዳታ እንደሚቀንስ አስታወቀ። በሚያዝያ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጣቢያ ተዘጋ። በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ በአውሮፕላን መግባት ጀመረ። ከበሩ ላይ ጦርነት የቆመበት፣ አንዱ ሻጭ የከለከለው መንግሥት ወደ ሌላው ሻጭ ሄደ። ሞቃዲሾ በበኩሏ በዚያው ዓመት ሶቪየቶችን አባርራ ወደ አሜሪካ ዞረች። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬም ሞስኮ ላይ ተሰድበው ነበር እንበል?

እዚህ ላይ አንድ የታዘብኩትን ልናገር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያሉትን መሪዎች አንድም አላነሡም። ከጥንቃቄ ከሆነ ይገባኛል። ይሁንና የዊንጌትን በር በየቀኑ አልፋለሁ፤ አቶ መለስ ዜናዊ ከዐድዋ መጥተው የተማሩበት ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት። ከዚያ በር ሐኪም ወጥቷል፤ መሐንዲስ ወጥቷል፤ ገጣሚ ወጥቷል። እሳቸውም ሁለት ዓመት ሕክምና ተምረው ነው በረሃ የወረዱት። ቢጨርሱ ኖሮ እርስዎ ከልጅነታቸው ጀምሮ ለሕመምተኛ የሚራሩ ነበሩ ይሉናል። አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ደግሞ የውኃ መሐንዲስና መምህር ነበሩ፤ የካቲት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን በፈቃዴ ልልቀቅ አሉ። ከቦሎሶ ሶሬ ልጅነት ውስጥ ይህን ማን ይተነብየው ነበር?

ከማስረጃዎችዎ ሁሉ እውነት ያስጨነቀኝ ጆንሰን ናቸው። ለእሱ ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ የራሴ ሙያ ያለበት ታሪክ ነውና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ጆንሰን የኮሌጅ ተማሪ ሳሉ በደቡብ ቴክሳስ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸውን ልጆች አስተማሩ። ልጆቹ ተርበው ነው ክፍል የሚገቡት። ማርች 15 ቀን 1965 ፕሬዚዳንት ሆነው ለሁለቱ ምክር ቤቶች ሲናገሩ እነዚያን ልጆች አስታወሱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 6 ቀን የመምረጥ መብት ሕጉን ፈረሙ። እውነት ነው፤ አንጀት ይበላል። እኔም ተርቦ የመጣ ተማሪ አስተምሬ አውቃለሁ፤ ፊቱ አይረሳም።

ነገር ግን ከ1928 እስከ 1965 ሠላሳ ሰባት ዓመት ነው። በእነዚህ ዓመታት ኮቱላ የት ነበረች? ጆንሰን በ1937 ምክር ቤት ገቡ፤ ከዚያ እስከ 1957 ድረስ የጥቁሮችን መብት የሚያስከብር ሕግ በቀረበ ቁጥር ድምፃቸው ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር። የተራቡት ልጆች ፊት ያን ጊዜም በልባቸው ውስጥ ነበር። ወደ ምክር ቤት የሚልካቸው ግን የቴክሳስ ነጭ መራጭ ነው። ሴኔት ውስጥ ከቴክሳስ አልፈው አገር ለመምራት ማሰብ ሲጀምሩ የሚቆጥሩት ድምፅም ተለወጠ። በ1964 በሰፊ ብልጫ ተመረጡ፤ በ1965 ማርች ላይ ደግሞ ሴልማ በምትባል ከተማ ድልድይ ላይ በሰላም የወጡ ሰልፈኞች ሲደበደቡ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። ያን ጊዜ ኮቱላ ከልባቸው ወጥታ ንግግር ሆነች። ትዝታቸው ውሸት ነው አላልኩም። ትዝታ ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሊተኛ እንደሚችል ከዚህ ተማርኩ፤ የቀሰቀሱትም ድልድዩ ላይ የተደበደቡት ሰዎች ናቸው። እነሱ ባይወጡ ኮቱላ በአንድ አዛውንት ማስታወሻ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ሆና ትቀር ነበር።

አሁን ወደ ምክርዎ፣ ማለትም ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። በድህነት ያደገ አይረሳም ይላሉ። በተቃራኒው ከድህነት ያመለጠ ሰው ድህነትን ማየት አይፈልግም የሚል ሰውም አለ፤ እሱም ምሳሌ አያጣም። ሁለቱንም የሚያስረዳ ሐሳብ አንዱንም አያስረዳም። ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሀድሰን ወንዝ ዳር በሰፊ ርስት ላይ ያደጉ የሀብታም ልጅ ናቸው፤ በ1935 ለሽማግሌዎችና ለሥራ አጦች የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ያወጡት ግን እሳቸው ናቸው። እግራቸውን ፖሊዮ መታቸው ይሉኝ ይሆናል። የመታቸው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ልጅነት ከተባለ ሁላችንም ሕፃናት ነን።

የቅርቡን ልንገርዎት። እኛ ሰፈር ከዓመታት በፊት አንድ ኃላፊ ተሾመ። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ከልጆቼ ጋር ቢጫ ጀሪካን እያንከባለለ ያደገ ልጅ ነው። ሲሾም እናቶች እልል አሉ፤ እኔም አጨበጨብኩ። የገፈርሳ ግድብ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ውኃው አልፎን ወደ ከተማ ሲሄድ የኖርን ሰዎች ነንና አሁን የእኛ ተራ ደረሰ ብለን ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ትመጣ የነበረችው ውኃ በወር አንዴ ሆነች። ልጁ ከፍቶ አልነበረም። እንዲያውም ዓይናችንን ማየት እያፈረ በጓሮ በር ይወጣ ጀመር። ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ኤሌክትሪኩ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ የመስመሩ ጥገና የሌላ፣ ገንዘቡ የሌላ። ጀሪካን መሸከም ይህን አያስተምርም። ለማን እንደሚጻፍ፣ ማን ላይ እንደሚጮኽ አያሳይም።

ከእሱ በኋላ የመጣው ሰው ቧንቧ ባለበት ቤት ያደገ፣ ሰፈራችንን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቅ ነው። የመጣ ሰሞን ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ሲዘል አይተን ስቀንበታል። ሴቶቻችን ግን ከቀድሞው ተምረው ነበር። ውኃ የመጣችበትንና የቀረችበትን ቀን በደብተር እየመዘገቡ በየወሩ መጨረሻ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ግልባጩን ደግሞ ለበላዩ። ሁለተኛው ወር ላይ ተቆጣ። ሦስተኛው ላይ ቁጭ በሉ አላቸው። ስድስተኛው ላይ ውኃዋ በሳምንት አንድ ቀን ሆነች። አንድ ቀን ብቻ፤ ተአምር አልሠራም፤ አሁንም ቦቴ የምንገዛበት ሳምንት አለ። ስለ ልጅነቱ ማንም አልጠየቀውም። ባለደብተሯ ጎረቤቴ ጽሑፍዎን ሳነብላት የጠየቀችኝ ነገር፣ መሪው ጀሪካን ተሸክሞ ካላደገ ደብተሩን ልተወው ወይ? የሚል ነበር። እኔ መልስ አላገኘሁላትም፤ እርስዎ ይመልሱላት።

በመጨረሻ አንድ የግል ጉዳይ አለኝ። የተዋሱኝ የታሪክ መጽሐፍ ስንት ዓመቱ! ሽፋኑ የተገነጠለው፤ ስለ ደብሮቹ መሬት የሚያወራው ምዕራፍ ጠርዙ በታጠፈው ገጽ ላይ ይጀምራል። ቅዳሜ ይዘውት ይምጡ፤ አሸዋ ሜዳ ከታክሲ ሲወርዱ ይደውሉልኝ። ውኃ የምትመጣበት ቀን ስለሆነ ከቤት አልወጣም።